ቻፕተር 7 ላስገባ ነው፤ የ2012ቱ ምክር ዛሬም ይሠራል ወይ?

#1 ሌሊት_ሹፌር

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ጻፍኩ።

ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ከዳላስ ከመጣሁ 14 ወር ሆነኝ። እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ሱቋ ተዘጋች፣ ዕዳዋ ግን አብሮኝ መጣ። አሁን ሌሊት ሌሊት ራይድ እሠራለሁ። ክሬዲት ካርዱ፣ የሱቁ ዕቃ አቅራቢና አንድ የግል ብድር ሲደመር 41 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ አበዳሪ ከሰሰኝ።

አንድ ወዳጄ በ2012 (በፈረንጆቹ) ቻፕተር 7፣ ማለትም ዕዳ የሚያሰርዘውን የኪሳራ ማመልከቻ፣ አስገብቶ ነበር። «ሁለት ሦስት ወረቀት ሞልተህ፣ አንድ ቀን ቀርበህ፣ በቃ ተገላገልክ» ይለኛል። ታክስ የሚሠራልኝ ሰውዬ ደግሞ በ600 ዶላር እሞላልሃለሁ አለኝ። አዲስ አበባ በስሜ ኮንዶሚኒየም እንዳለች ስነግረው «እሷን ተዋት፣ ማን ያያታል?» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ሆዴ የፈራው።

ሕጉ ተቀይሯል ሲባል እሰማለሁ። ምኑ ነው የተቀየረው? ኮንዶሚኒየሟስ? ደግሞ ወንድሜ 6 ሺህ ዶላር አበድሮኛል። ፋይል ከማድረጌ በፊት የእሱን ብቻ ልክፈል ብዬ አስቤያለሁ፣ እሱ እንዳይጎዳ።

#2 ሰፈረ_ሰላም

አይዞህ ወንድሜ። እኔም በ2011 አስገብቻለሁ። የምታስበውን ያህል አይደለም። አምስት ደቂቃ ጠየቁኝ፣ ወጣሁ። ይልቅ ከማስገባትህ በፊት ካርዶቹን ሙጥጥ አድርገህ ጠቀምባቸው፣ ያው ይሰረዙ የለ ሃሃ።

#3 የሰነድ_ሰው

ጠበቃ አይደለሁም። በኪሳራ ጉዳይ በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ፋይል ሳዘጋጅ 11 ዓመቴ ነው። ስለዚህ የምጽፈውን እንደ ጎረቤት ምክር ያዘው። ከመፈረምህ በፊት ጠበቃ አናግር።

በመጀመሪያ #2። ሳቅህ ደስ ይላል፣ ግን ሰው እንዳታሳስት። ፋይል ከማድረግህ በፊት ባሉት 90 ቀናት ከአንድ አበዳሪ ከ900 ዶላር በላይ የቅንጦት ዕቃ በዱቤ ከገዛህ፣ ሕጉ «ላለመክፈል አስበህ ነው» ብሎ ይገምታል። በ70 ቀናት ውስጥ ከ1,250 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከካርድ ብታወጣም እንደዚያው። አበዳሪው ከተቃወመ ያ ዕዳ ተለይቶ ላይሰረዝልህ ይችላል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2005 ነው። ኤፕሪል ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽ ፈረሙት፣ ኦክቶበር 17 ሥራ ላይ ዋለ። ሰው አዲሱ ሕግ ሳይደርስብኝ ብሎ ፍርድ ቤቶቹን አጥለቀለቃቸው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፋይል ገባ። የገቢ መመዘኛውንም፣ ሁለቱን የግዴታ ኮርሶችም (አንዱ ከፋይሉ በፊት፣ አንዱ በኋላ) ያመጣው ይህ ሕግ ነው። ወዳጅህም በ2012 እነዚህን ሁሉ አልፎባቸዋል። ረስቶት ነው። ሰው የተገላገለውን ነገር አሳጥሮ ነው የሚያወራው።

የገቢ መመዘኛው እንዲህ ነው። ያለፉት 6 ወራት ገቢህ ይደመራል። ፋይል የምታደርግበት ወር አይቆጠርም። ሴፕቴምበር ላይ ካስገባህ የሚታየው ከማርች እስከ ኦገስት ያለው ነው። ያ በሁለት ተባዝቶ፣ በምትኖርበት ስቴት ካለው የአንተን ያህል ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። ከሱ በታች ከሆንክ አለፍክ። በላይ ከሆንክ ሌላ ረጅም ፎርም ይጠብቅሃል። ራይድ ስለምትሠራ ቤንዚን፣ ጥገናና ኮሚሽን ይቀነሱልሃል። ብዙ ሹፌር ጠቅላላ ገቢውን ብቻ ጽፎ ራሱን በወረቀት ላይ ሀብታም ያደርጋል።

ደግሞ ልብ በል። ይህ መመዘኛ የወጣው ለፍጆታ ዕዳ ነው። ከ41 ሺው ከግማሽ በላይ የሱቁ ዕዳ ከሆነ ጭራሽ አይመለከትህም። የትኛው ዶላር ለሱቅ፣ የትኛው ለቤት እንደወጣ ቁጭ ብለህ ለይ።

ከ2005 ወዲህ የመጡት ለውጦች ትንንሽ ናቸው። ግን ሰው የሚወድቀው በትንንሾቹ ነው። የዶላር መጠኖቹ በየ3 ዓመቱ ኤፕሪል 1 ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይስተካከላሉ። በ2025 ሲስተካከሉ፣ ከመሸጥ የሚድነውን ንብረት በሚወስነው የፌዴራል ዝርዝር ለመኖሪያ ቤት የሚጠበቅልህ መጠን ከ27,900 ወደ 31,575 ዶላር፣ ለመኪና ከ4,450 ወደ 5,025 ዶላር ወጣ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ሜሪላንድ የፌዴራሉን ዝርዝር አትፈቅድም፣ የራሷ አላት። ቨርጂኒያና ጆርጂያም እንደዚያው። ዲሲ፣ ሚኒሶታና ቴክሳስ ያስመርጣሉ።

አንተ ደግሞ ሜሪላንድ 14 ወር ብቻ ነው የኖርከው። የአንድን ስቴት ዝርዝር ለመጠቀም ሕጉ 730 ቀን መኖርን ይጠይቃል። ካልሞላህ ከዚያ በፊት ወደነበርክበት ይመልስሃል። ስለዚህ ፋይሉን የምታስገባው ሜሪላንድ ሆኖ፣ መኪናህን የሚያድንልህ የቴክሳስ ሕግ ሊሆን ይችላል። ታክስ ሠሪህ ይህን ነግሮሃል?

#4 ሌሊት_ሹፌር

ኧረ ምንም! 730 የሚባል ቁጥር ዛሬ ነው የሰማሁት።

ኮንዶሚኒየሟ 20/80 ናት። በስሜ ነው የወጣችው፣ የምትኖርባት ግን እናቴ ናት። የባንኩን ክፍያም በብዛት የከፈለችው እሷ ናት። በየወሩ 200 ዶላር እልክላታለሁ። እሱም ይጠየቃል?

#5 የሰነድ_ሰው

ይጠየቃል። አንድ በአንድ እንሂድ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው።

ንብረትህን በሙሉ ትጽፋለህ። ሕጉ «የትም ይሁን፣ በማንም እጅ ይሁን» ነው የሚለው። አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ጨረቃ ላይም ቢሆን። «ማን ያያታል» ላልከው፣ ካስገባህ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ትረስቲው፣ ማለትም ንብረት አጣሪው፣ ቀኝ እጅህን አስነስቶ «ንብረትህን ሁሉ ዘርዝረሃል?» ብሎ ይጠይቅሃል። ያኔ ወይ ትዋሻለህ ወይ ፎርሙ ውሸት ነበር ትላለህ። ፎርሙ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብበው። እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት፣ እስከ 20 ዓመት እስራት ይላል። እስራቱ ባይመጣ እንኳ፣ ንብረት የደበቀ ሰው ዕዳው ጭራሽ ሳይሰረዝለት ይቀራል። የተሰረዘለትም በኋላ ሊነጠቅ ይችላል። ከሰው ጋር የተጣላ ሰው ደግሞ ጠቋሚ አያጣም፣ የፈታችህ ሚስት ትሁን የከሰሰህ ባልንጀራ።

መጻፍ ማለት ማጣት ማለት አይደለም። እናትህ ከከፈለች፣ ስሙ ያንተ ሆኖ ገንዘቡ የሷ ነው ማለት ነው። ያንኑ ጻፍ፣ ደረሰኝም ሰብስብ። ይህ ጠበቃ የሚከራከርበት ነገር ነው። ግን አንተ የማትኖርበትን ቤት «መኖሪያዬ ነው» ብለህ ማስጠበቅ ይከብዳል። ዋጋዋ ብዙ ከሆነና ክርክሩ ካላዋጣ ቻፕተር 13 አለ። ንብረቱ አይሸጥም፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት በዕቅድ ትከፍላለህ። ዋስትና ለሌላቸው አበዳሪዎች የምትከፍለው ግን ቻፕተር 7 ቢሆን ከሚያገኙት ማነስ የለበትም። ስለዚህ ቤቷ ወርሃዊ ክፍያህን ልታንረው ትችላለች። ከማስገባትህ በፊት ዋጋዋን ማወቅ ያለብህ ለዚህ ነው።

የእናትህ 200። 107 የሚባል ፎርም አለ። ያለፉትን ዓመታት ኑሮህን ይጠይቃል። ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ከሰጠህ ትዘረዝራለህ። 200 በ24 ወር 4,800 ዶላር ነው። ይጻፋል። ለቤተክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ከ600 በላይ ከሰጠህም እንደዚያው። ለሃይማኖት የሚሰጥ እስከ ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢህ 15 ከመቶ ድረስ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ አስራትህ ብዙም አያስፈራህ።

ወንድምህ። እባክህ አትክፈለው። ሕጉ ዘመድን ለብቻው ነው የሚያየው። ለሌላ አበዳሪ ወደኋላ የሚታየው 90 ቀን ነው፣ ለዘመድ ግን 1 ዓመት ሙሉ። 6 ሺውን ዛሬ ሰጥተኸው በሚቀጥለው ወር ፋይል ብታደርግ፣ ትረስቲው ለወንድምህ ደብዳቤ ይልካል። «መልስ» ይለዋል። እምቢ ካለ ይከሰሳል። ለመጥቀም ብለህ ፍርድ ቤት ታቆመዋለህ። ስሙን ከአበዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ ጻፍና ቁጭ በል። ዕዳህ ከተሰረዘ በኋላ ግን በገዛ ፈቃድህ፣ ከራስህ ደሞዝ፣ ልክፈለው ብትል ሕጉ አይከለክልህም።

#6 ብድር_በምድር

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ዘዴ ለምንድነው? የበላኸውን ትከፍላለህ። በአባቶቻችን ጊዜ ባለዕዳውን ራሱን ከባለገንዘቡ ጋር በነጠላ ያቆራኙት ነበር። እዚህ አገር መጥቶ ክዶ መሄድ ነውር ሆኖ ቀረ እንዴ?

#7 ጽጌ_ማታ

ወንድሜ፣ ነውሩን ለኔ ንገረኝ። ልጄ 9 ቀን ሆስፒታል ተኛች። ኢንሹራንሴ ከፊሉን አልከፍልም አለ። ሁለት ሥራ ሠርቼ ወለዱን እንኳ አልደረስኩበትም። የትኛውን ነው የበላሁት?

ደግሞ ይህ የስደተኛ ዘዴ አይደለም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 8 ላይ ምክር ቤቱ የኪሳራ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው ተጽፏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1934 «ሐቀኛ ግን ዕድለ ቢስ ባለዕዳ» ብሎ የጠራው እንደኛ ያለውን ነው። ነውሩ መደበቅ ነው። የሰነድ ሰው ደግሞ የምትለን አትደብቁ ነው።

#8 ብድር_በምድር

ለልጅሽ እግዜር ይማርልሽ። የሆስፒታሉን አላልኩም። ካርዱን ሙጥጥ አድርጉ የሚለውን ነው።

#9 አርባ_ስድስተኛው_ቀን

ስሜን ካያችሁት ታሪኬ ገብቷችኋል።

ደሞዜ ሊያዝ አንድ ሳምንት ሲቀረው እኔም እንዲሁ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሰው ጋ ሄድኩ። ማመልከቻውንና የአበዳሪዎቹን ዝርዝር ብቻ አስገባልኝ። በዚያው ቀን አበዳሪዎች እንዳይነኩኝ የሚከለክለው እግድ ወጣ፣ ደሞዜ ተረፈ፣ ሻይ ጋበዝኩት። ቀሪው ወረቀት በ14 ቀን ውስጥ መግባት እንዳለበት አልነገረኝም። የንብረት ዝርዝር፣ የገቢና የወጪ ፎርም፣ ያለፉት 60 ቀናት የደሞዝ ወረቀት፣ አንዱም አልገባም። ስደውል አያነሳም። ሕጉ ደግሞ እስከ 45 ቀን ካላሟላህ በ46ኛው ቀን ፋይልህ በራሱ ይሰረዛል ይላል። ዳኛ ፊት መቅረብ የለ፣ ይቅርታ የለ። ተሰረዘ።

ሁለተኛ ሳስገባ የማስገቢያውን 338 ዶላር እንደገና ከፈልኩ። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለፈው 1 ዓመት ውስጥ የተሰረዘ ፋይል ካለህ፣ አዲሱ እግድ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ይቀጥልልኝ ብለህ ታመለክታለህ፣ ቀጠሮውም በዚያው 30 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ቅን ልቦና እንዳለህም ታስረዳለህ። ሁለት ጊዜ ከተሰረዘብህ ደግሞ በሦስተኛው እግዱ ከነጭራሹ አይወጣም።

በኋላ ጠበቃ ስይዝ የነገረችኝ፣ ጠበቃ ያልሆነ ፎርም ሞይ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ የተቀበለውን ገንዘብ ለፍርድ ቤት ያሳውቃል፣ የሕግ ምክርም መስጠት አይችልም። «ቤቷን ተዋት» የሚለው ራሱ የሕግ ምክር ነው፣ ያውም መጥፎ። የኔው ሰውዬ የትም ቦታ አልፈረመም። ያንተም «ስሜ አይግባ» ካለህ ሩጥ።

#10 ሌሊት_ሹፌር

ገና ትናንት «የኔ ስም ባይጠቀስ ይሻላል» ብሎኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 338 ግን በአንዴ ነው የሚከፈለው?

#11 የሰነድ_ሰው

በአንዴ ካልቻልክ በ4 ጊዜ፣ በ120 ቀን ውስጥ እንድትጨርስ ማመልከት ትችላለህ። ቻፕተር 7 ከሆነና ገቢህ ከድህነት መስመሩ 150 ከመቶ በታች ከሆነ ጭራሽ እንዲቀርልህም ይጠየቃል። ለዚህም ፎርም አለው፣ መቼም ለሁሉም ፎርም አለው። ፎርሞቹ በፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ማንም እንዳይሸጥልህ።

የመጀመሪያውን ኮርስ ደግሞ ከፋይሉ በፊት ጨርስ። በመንግሥት ከጸደቀ ድርጅት፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ነው። የምስክር ወረቀቱ ከ180 ቀን በላይ መቆየት የለበትም። ቀድሞ ፋይል አድርጎ በማግሥቱ ኮርሱን የወሰደ ሰው አውቃለሁ። ፋይሉ ተሰረዘበት።

#12 ነጭ_ካምሪ

ለሹፌሮች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህኛው ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ነው።

በ2022 ሁለት ወር አልከፈልኩም ብለው መኪናዬን ሌሊት ጎትተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ቻፕተር 13 አስገባሁ። እግድ ስላለ ይመልሱልኛል ብዬ ነበር። አበዳሪው «አንመልስም» አለ። ጠበቃዬ ነገሩን ሲያስረዳኝ ራሴን ያዝኩ። በጃንዋሪ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቺካጎ ከተማን በሚመለከት አንድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ከተማው በትራፊክ ቅጣት ዕዳ መኪናቸውን የያዘባቸው ሰዎች ፋይል ቢያደርጉም መኪናቸውን አልመለሰም። ፍርድ ቤቱ «ቀድሞ የተያዘን ንብረት ዝም ብሎ ይዞ መቆየት ብቻውን እግዱን መጣስ አይደለም» አለ። ታዲያ መኪናህን ለማስመለስ ምን ታደርጋለህ? በዋናው ፋይል ውስጥ ሌላ ክስ ትመሠርታለህ። መጥሪያ፣ መልስ፣ ቀጠሮ። ወራት የሚወስድ ነገር ነው። ሹፌር ያለ መኪና ወራት ምን ይበላል? እኔ 10 ሳምንት ቁጭ አልኩ። የቻፕተር 13 ወርሃዊ ክፍያዬን ከየት አመጣለሁ? የምከፍለው በዚያው መኪና ሠርቼ ነበር እኮ።

ዳኛ ሶቶማዮር በዚያው ውሳኔ ላይ ለብቻቸው ጽፈው ነበር። በውሳኔው ይስማማሉ፣ ግን አሠራሩ ለባለዕዳ ዘገምተኛ ነው፣ ደንቡ መስተካከል አለበት አሉ። ተስተካከለ። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ደንብ 7001 ተሻሽሎ፣ ግለሰብ ባለዕዳ መኪናውን ወይም የሥራ መሣሪያውን ለማስመለስ ሌላ ክስ ሳይመሠርት በሞሽን ብቻ፣ ማለትም በተራ ማመልከቻ፣ መጠየቅ ይችላል። ባለፈው የጸደይ ወር የሥራ ጓደኛዬ በዚሁ መንገድ በሦስተኛው ሳምንት መኪናውን አስመለሰ። ሙሉ ኢንሹራንስ እንዳለው ማሳየት ነበረበት። ያለ ኢንሹራንስ ማንም ዳኛ አይሰማችሁም።

እኔ በሁለት ዓመት ቀደምኩ። ዕድል ነው።

#13 ሰፈረ_ሰላም

10 ሳምንት? ውይ። የካርዱን ቀልዴን አንስቻለሁ ጎበዝ፣ አርባ ስድስተኛው ቀን ላይም ሳነበው ደነገጥኩ።

#14 ተማሪ_በ45

የተማሪ ብድርስ? ሁሉም ሰው «አይነካም» ይለኛል። 27 ሺህ ነው፣ የፌዴራል።

#15 የሰነድ_ሰው

«አይነካም» የሚለው ድሮም ሙሉ እውነት አልነበረም፣ ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ተቀይሯል። ሕጉ ያው ነው። ከባድ ችግር መኖሩን ማስረዳት አለብሽ፣ ለብቻው ክስ መመሥረትም አለብሽ፣ ባለዕዳ ስለሆንሽ ግን የመክፈቻ ክፍያ የለውም። የተቀየረው የመንግሥት ጠበቆች አሠራር ነው። ድሮ እስከ መጨረሻው ይከራከሩ ነበር። አሁን ገቢና ወጪሽን የምትገልጪበት የማረጋገጫ ፎርም ትሞያለሽ። ዛሬ መክፈል እንደማትችዪ፣ ወደፊትም እንደማይለወጥ፣ እስካሁን በቅንነት እንደሞከርሽ ካሳየ፣ መንግሥት ራሱ ይሰረዝላት ብሎ ሊስማማ ይችላል። የግል ባንክ ብድር ግን በዚህ አሠራር ውስጥ አይገባም።

#16 እቁብተኛ

እኔ ደግሞ የማፍረው ጥያቄ አለኝ። እቁብ በልቻለሁ። 12 ሺህ ወስጃለሁ፣ 7 ወር ይቀረኛል። ሰዎቹን አበዳሪ ብዬ ልጻፍ? ሰብሳቢው የክርስትና አባቴ ናቸው!

#17 የሰነድ_ሰው

ይህ ጥያቄ ቢሯችን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ብታውቅ አታፍርም ነበር።

ከበላህ ቀሪው ዕዳ ነው፣ ይጻፋል። ካልበላህ ደግሞ እስካሁን የጣልከው የሚመለስልህ ገንዘብ ነው፣ እንደ ንብረት ይጻፋል። ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። 10 ወር 500 የጣለ ሰው 5 ሺህ ዶላር ንብረት አለው፣ ባንክ ባይገባም። ለትረስቲው እቁብ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር አስረዳ። ከሌላ አገር የመጡ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ስላላቸው ብዙዎቹ ገብቷቸዋል።

ለሰብሳቢው ከፍርድ ቤት ፖስታ ሳይደርሳቸው ቀድመህ አንተው ንገራቸው። የወንድምየውን በተመለከተ ያልኩት እዚህም ይሠራል። ሕጉ የሚያስቀርልህ አስገድዶ መጠየቅን ነው። ከዚያ በኋላ ልክፈል ካልክ የሚከለክልህ የለም። ከማስገባትህ በፊት ግን ቀሪውን 7 ወር በአንድ ጊዜ ለመዝጋት እንዳትሮጥ።

#18 እቁብተኛ

ዛሬ ማታ እደውልላቸዋለሁ። ወይም ነገ።

#19 ዘግይታ_የመጣች

ማንም ስላላነሳው፣ ሁለተኛው ኮርስ! እኔ ስብሰባውን አልፌ፣ አለቀ ብዬ ተኛሁ። ከ4 ወር በኋላ የመጣው ደብዳቤ «ፋይልሽ ያለ ዕዳ ስረዛ ተዘግቷል» ይላል። ዕዳው እንዳለ ነው። የገንዘብ አያያዝ ኮርሱን ረስቼው ነበር። ቻፕተር 7 ላይ ለመጀመሪያው ስብሰባ ከተያዘው ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለሽ። የተዘጋውን ፋይል ማስከፈቻው 260 ዶላር ነው። ከፈልኩ።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ 423 የሚባል ፎርም ራሴ ሞልቼ አስገባ ነበር። አሁን የለም። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ የሚገባው ኮርሱን የሰጠው ድርጅት ያወጣው የምስክር ወረቀት ራሱ ነው። ያኔ ደንቦቹ በሙሉ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ እንደገና ተጽፈው ወጥተዋል። ስለዚህ የድሮ ቪዲዮ እያያችሁ 423ን አትፈልጉ። ብዙ ጊዜ ድርጅቱ በቀጥታ ለፍርድ ቤቱ ይልክላችኋል፣ ግን መግባቱን አረጋግጡ። እኔ ብሆን እደውላለሁ።

#20 ባለ_ምግብ_ቤት

ንግድ ላላችሁ ባጭሩ። ቻፕተር 11፣ ማለትም ንግዱ ሳይዘጋ ዕዳው የሚደራጅበት መንገድ፣ ውስጥ ለትንንሽ ንግዶች የወጣ ንዑስ ክፍል አለ፣ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ይሠራል። ረከስ ያለና ፈጠን ያለ ነው። በኮቪድ ጊዜ የዕዳ ጣሪያው 7.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ጁን 21 ቀን 2024 ጊዜው አልፎ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፣ በ2025 ወደ 3,424,000 ተስተካከለ። ለኔ ዓይነቱ ምግብ ቤት ጣሪያው አይነካኝም፣ ግን የድሮውን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

#21 ጽጌ_ማታ

ግሪን ካርድ ላላችሁ ደግሞ፣ ፋይል ማድረግ በራሱ ዜግነት አይከለክልም። ዜጋ መሆንም አይጠይቅም። ችግር የሚያመጣው ያልተከፈለ ታክስና በመሐላ መዋሸት ነው። እኔ አስገብቼ ከዚያ በኋላ ነው የማልኩት።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ፣ ለስብሰባው አስተርጓሚ በስልክ በነፃ ይሰጣል። ቀድማችሁ ጠይቁ። አሁን ስብሰባው በዙም ነው። እኔ በሥራ ልብሴ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የቀረብኩት። ትረስቲው መታወቂያና ሶሻል ካርድ አሳዪ ብሎኝ ካሜራው ላይ ለጥፌ አሳየሁት። 7 ደቂቃ ነበር።

#22 ሌሊት_ሹፌር

ሰላም፣ ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ጠበቃ ይዣለሁ። የመጀመሪያ ምክሩ በነፃ ነበር። ዕዳውን ለይተን ስናየው ከ41 ሺው 26 ሺው የሱቁ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የገቢ መመዘኛው አልነካኝም። የሰነድ ሰው፣ ያቺ አንድ መስመርሽ ስንት ፎርም እንዳስቀረችልኝ!

ኮንዶሚኒየሟን ጽፈናታል። እናቴ የከፈለችበትን የባንክ ደረሰኝ እህቴ በፎቶ ላከችልኝ፣ 60 ገጽ። ጠበቃው በስሜ ብትሆንም ገንዘቡ የሷ ነው ብሎ ሊከራከር ነው። ያሸንፍ አያሸንፍ አላውቅም። ትረስቲው ካልተቀበለ ወደ 13 እንቀይራለን ተባብለናል።

ወንድሜን ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ስሙን በዝርዝሩ እንደጻፍኩ፣ ደብዳቤ እንደሚደርሰው። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «እኔንም ከባንኩ እኩል አበዳሪ አደረግከኝ?» ብሎ ሳቀ።

ዙሙ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት 9:30 ነው። ካሜራው ላይ የሶሻል ካርዱ ዋናው ነው የሚፈለገው ወይስ ኮፒ ይበቃል? የኔ ዳላስ ከጠፋ ቆይቷል።

#23 የሰነድ_ሰው

ኮፒ አይበቃም። ካርዱ ከሌለ ሙሉ ቁጥርህ ያለበት ዳብልዩ-2 ወይም 1099 የሚባለውን የገቢ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ። ጠበቃህ ዛሬውኑ ትረስቲውን ይጠይቅ። ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀትህ ከስብሰባው 7 ቀን በፊት መድረሱንም አጣራ። ማክሰኞ ነው አልክ? እንግዲያውስ መድረስ የነበረበት ዛሬ ነው። ቶሎ ደውልለት።

#24 ሌሊት_ሹፌር

እየደወልኩ ነው።